በፈረስ ስም፣ በፈረስ ውርርድ

በግንቦት 1912 ዓ.ም. ለንደን አቅራቢያ በሚገኘው የኤፕሶም ሜዳ ታላቁ የደርቢ ግልቢያ ሲካሄድ «ስፓየን ኮፕ» የተባለ ብዙም ያልታሰበ ፈረስ ቀድሞ ገባ። በዚህ ፈረስ ላይ 6 ፓውንድ ያስያዘ ሰው 100 ፓውንድ ያተርፍ ነበር። በዚያ ቀን ከበለጸጉት መካከል አንዱ 8,000 ፓውንድ እንዳፈሰ ይነገርለታል። ሰውየው የሰጎን ላባ አናቱ ላይ ሰክቶ፣ ያሸበረቀ ካባ ደርቦ፣ ሰፊ ሱሪ ታጥቆ በፈረስ ሜዳዎች ዳር «ፈረስ አለኝ!» እያለ የሚጮህ ጥቁር ሰው ነው። ራሱን «ራስ ፕሪንስ ሞኖሉሉ» ብሎ ይጠራል። አገርህ ወዴት ነው ሲባል አቢሲኒያ ነው፣ ያኔ ፈላሻ ይባሉ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሰዎች አለቃ ነኝ ይላል።

እውነቱ ሌላ ነበር። ሰውየው ፒተር ካርል ማካይ ይባላል፤ የተወለደውም በካሪቢያን ባሕር፣ ያኔ በዴንማርክ አገዛዝ ሥር በነበረችው በሴንት ክሮይ ደሴት ነው። ሥራው ጥቆማ መሸጥ ነበር። በታሸገ ፖስታ ውስጥ የአንድ ፈረስ ስም ጽፎ ይሸጥና ገዢውን «ለሌላ ሰው ከነገርክ ፈረሱ ይሸነፋል» ብሎ ያስጠነቅቀዋል። ፈረሱ ቢሸነፍ ጥፋቱ የጠቋሚው ሳይሆን ምስጢር ያልጠበቀው የገዢው ይሆናል ማለት ነው። ብልጠቱ የሚደነቅ ነው። በዚህ መላ እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በመላ እንግሊዝ ከማንም ጥቆማ ሻጭ በላይ ታውቆ ኖረ፤ በየካቲት 1957 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አረፈ። ሊጠይቀው የመጣ ጋዜጠኛ በሰጠው ቸኮሌት ታንቆ ነው የሚል ወሬም አለ።

የሰውየው ውሸት የተሰፋው በጥሩ ክር ነበር። ለእንግሊዝ ተመልካች «አቢሲኒያ» እና «ፈረሰኛ» አብረው የሚሄዱ ቃላት ነበሩ፤ ከጉዞ መጻሕፍት የተማረው እንዲህ ነው። ግን ሞኖሉሉ እንዳለው በእርግጥ ከደጋው ኢትዮጵያ፣ ለምሳሌ ከላስታ የመጣ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ፈረስ ማወቁ ሳይሆን የዚያች ፖስታ ሥራ ነበር የሚያስገርመው። በላስታ ተራሮች ሰው በፈረስ ይወራረድ ነበር፤ ፈረስ ይቀድማል አይቀድምም ብሎ ገንዘብ የሚያስይዝ ግን አልነበረም። ሁለቱ ሲሰሙት ቢመሳሰሉም የሚለያዩ ልማዶች ናቸው።

መጀመሪያ የእንግሊዞቹን እንመልከት። የዝላይ ግልቢያ የሚባለው፣ ፈረሱ አጥርና ቦይ እየዘለለ የሚሮጥበት ውድድር፣ ከውርርድ የተወለደ ነው። በ1752 እ.ኤ.አ. በደቡብ አየርላንድ ሁለት ባላባቶች ማን ይቀድማል ተባብለው ከበተቫንት ቤተ ክርስቲያን እስከ ዶኔሬይል ቤተ ክርስቲያን፣ 7 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በመሐል ያለውን ሁሉ እየዘለሉ ጋለቡ ይባላል። ምልክታቸው ከሩቅ የሚታየው የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ነበር። ግልቢያው በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ስምም ከዚያው ጉልላት የመጣ ነው። በ1839 እ.ኤ.አ. ሊቨርፑል አጠገብ በኤይንትሪ የተጀመረው ግራንድ ናሽናል የዚህ ግልቢያ ዘውድ ሆነ። የመጀመሪያውን ዓመት ያሸነፈው ፈረስ ስሙ «ሎተሪ» ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ስም ማን ያወጣለታል? በዚያው ቀን ቢቸር የተባለ ሻምበል ከፈረሱ ወድቆ ቦይ ውስጥ ገባና ቦዩ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ፈረሶቹ 30 ጊዜ ይዘላሉ፤ ርቀቱ 7 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።

ማታ የሚወጣው የውጤት ገጽ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥነ ጽሑፍ ነው። ማን ቀደመ፣ በስንት የፈረስ ርዝመት ቀደመ፣ ስንት ኪሎ ተሸክሞ ሮጠ፣ ሲነሣ ዋጋው ስንት ነበር፣ ሁሉም ይሰፈራል። የወደቀው፣ ጋላቢውን የጣለው፣ ድካም በዝቶበት ያቆመው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምልክት አላቸው። በ1967 እ.ኤ.አ. ፎይናቨን የሚባል ማንም ከቁጥር ያላስገባው ፈረስ ያሸነፈው ከፊቱ የነበሩት ፈረሶች አንድ አጥር ላይ ተደራርበው ስለተዘጉ እሱ ከኋላ ቀስ ብሎ በክፍተት በማለፉ ነው። ዋጋው መቶ ለአንድ ነበር። አንድ መስመር ውጤት ይህን ሁሉ ትናገራለች፤ የጥቆማ ሻጩም እንጀራ ነገ ይህን ገጽ የሚያነበው ሰው ነው።

ላስታ ከጉልላት ወደ ጉልላት ለመጋለብ የማትመች አገር ናት። ሌላው ቀርቶ ጉልላቱ አይታይም፤ ላሊበላ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ሰማይ የተሠራ ሳይሆን ወደ ምድር የተፈለፈለ ነውና፣ ባዕድ ጋላቢ ቤተ ጊዮርጊስን ፍለጋ ሽምጥ ቢመጣ መድረሱን የሚያውቀው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሲቆም ነው።

በዚያው አፋፍ ላይ ግን ፈረስ አለ። የቤተ ጊዮርጊስን ዙሪያ የሚያስጎበኙ ሰዎች ዐለቱ ላይ ያሉ ጎድጓዳ ምልክቶችን እያሳዩ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ነው ይላሉ። አፈ ታሪኩ እንደሚተርከው ንጉሥ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን አስፈልፍሎ ሲጨርስ ሰማዕቱ በነጭ ፈረሱ ሆኖ መጣና «ለእኔስ?» ብሎ ጠየቀው፤ ንጉሡም ከሁሉ ያማረውን አደርግልሃለሁ ብሎ ማለለት። ሌላ ፈረስ ደግሞ በቤተ ማርያም አለ፤ በምዕራቡ በር በረንዳ በላይ ሁለት ፈረሰኞች ዘንዶ ሲወጉ የሚያሳይ ቅርጽ ከዐለቱ ጋር አብሮ ተቀርጿል። በላሊበላ ቅርጽ ብዙ አይደለም፤ ከጥቂቶቹ አንዱ ፈረሰኛ መሆኑ የአጋጣሚ አይመስልም። ፈረስ በላስታ ሰው ዘንድ መጀመሪያ የታወቀው ዘንዶ መውጊያና ቃል ኪዳን መቀበያ ሆኖ ነው።

መሬቱን ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ ከበላይዋ ከ4,200 ሜትር የሚበልጠው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ይቆማል። ገደሉ ብዙ፣ መንገዱ ድንጋይ ነው። እንዲህ ባለ አገር የጉዞ ንጉሥ በቅሎ ናት፤ ዛሬም አሸተን ማርያም ለመውጣት እንግዳ የሚከራየው በቅሎ ነው። መኳንንቱም ሲጓዙ ሰጋር በቅሎ ላይ ተቀምጠው ፈረሱን ጭነው በአሽከር ያስጎትቱት ነበር፤ ፈረስ የሚወጣው ለጦርነት፣ ለግብር፣ ለበዓል ነው። ፈረሱ ሜዳ የሚያገኘው ወደ ደቡብ ሲሻገሩ፣ በዋድላና በደላንታ ረባዳ ደጋዎች ላይ ነው። እነዚያ ሜዳዎች በጅጣ ገደል ለሁለት ተሰንጥቀዋል፤ አፄ ቴዎድሮስ መድፋቸውን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገድ የቆፈሩት በዚያ ገደል ነው።

የፈረሱ ዕቃ ራሱ ለዚህ አገር የተሠራ ነው። ኮርቻው ከእንጨት ተጠርቦ በቆዳ ይለበዳል፤ ፊቱም ኋላውም ከፍ ያለ ስለሆነ ቁልቁለት ላይ ጋላቢውን አያንሸራትተውም። እርካቡ ጠባብ ናት። ጫማ ያጠለቀ ፈረንጅ ቢሞክራት እግሩ አይገባላትም፤ ባላገር የሚረግጣት በባዶ እግሩ፣ አውራ ጣቱን ብቻ አስገብቶ ነው። ልጓሙ ከባድ ነው፤ ጠበቅ ሲያደርጉት ሽምጥ የሚጋልብን ፈረስ ባለበት ያስቆመዋል። ፈረሱ ብረት ጫማ አይደረግለትም። ግላሱ ሲያምር፣ ልጓሙ በብር ሲያጌጥ፣ አንገቱ ላይ ቃጭል ሲንጠለጠል የባለቤቱ ማዕረግ ከሩቅ ይነበባል። ቀለሙም ስሙ አለው፤ ዳማ፣ አምባላይ፣ ቦራ፣ ግራጫ፣ ሻንቆ እየተባለ ገበያ ላይ ይመረጣል።

ፈረሱ የሚፈተነውም በጉግስ ነው። በጥምቀት ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ በገና፣ በመስቀል፣ ወይም በትልቅ ሰርግ ፈረሰኞች ሜዳ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል። አባራሪው ሽምጥ እየጋለበ ዘንጉን ይወረውራል፤ የሚሸሸው ኮርቻው ላይ እንዳለ ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻው ይመክታል፣ ወይም በፈረሱ አንገት ላይ ተለጥፎ ዘንጉን በላዩ ያሳልፋል። ከዚያ ተራው ይገለበጣል፤ ሲሸሽ የነበረው ያባርራል። ጠመንጃ ከመብዛቱ በፊት ይህ ጨዋታ የወጣቱ የጦር ትምህርት ቤት ነበር፤ በሜዳ ላይ ጀርባውን በዘንግ የተመታ በጦር ሜዳ በጦር እንደሚወጋ ሁሉም ያውቀዋል። ለዚህም ነው ቀልድ ሆኖ ጀምሮ ብዙ ጊዜ በቁም ነገር፣ አንዳንዴም በደም የሚያልቀው።

ውጤቱን የሚመዘግብ ጸሐፊ የለም። ሰዓት አይያዝም፣ መስመር አይሰመርም፣ ዋጋ አይለጠፍም። ማን እንዳሸነፈ የሚነግሩት የሴቶቹ እልልታ፣ የአዝማሪው ግጥምና በሳምንቱ ገበያ ላይ የሚዞረው ወሬ ናቸው። ይህ ከእንግሊዙ የውጤት ገጽ ያነሰ ትክክል ነው ብሎ መናቅ አይገባም፤ ስለፈረሱ ጥቂት ይናገር ይሆናል፣ ስለጋላቢው ግን ብዙ ያውቃል።

የፈረስ ስም የሚባለው ልማድ ከዚህ ነው የሚነሣው። የኢትዮጵያ መኳንንት በፈረሳቸው ስም «አባ እገሌ» ተብለው ይጠሩ ነበር፤ ስሙም የፈረሱን ሳይሆን የጌታውን ምኞት ይናገራል። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው። ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተባሉ። ልጅ ኢያሱ አባ ጤና ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተማሪ ቤትና አውሮፕላን በመጣበት ዘመን አባ ጠቅል መባልን አልተዉም። ባለፈረሱ ሲሞት ፈረሱ ኮርቻው ላይ የጌታው ጋሻና ጦር ተጭኖ በለቅሶው መሐል ይጎተታል፤ ሕዝቡ የሚያለቅሰው በፈረሱ ስም እየጠራ ነው። እንግሊዛዊው በፈረሱ ላይ ገንዘቡን ሲያስይዝ፣ የደጋው መኰንን ያስያዘው ስሙን ነበር። ስም ከገንዘብ የሚከፋው ሲሸነፉበት መልሶ የሚያስይዙት አለመኖሩ ነው።

ውርርድ የማያውቅ ሕዝብ ነበር ማለት ግን አይደለም። እንዲያውም ውርርድ ዋናው ቦታው ችሎት ነበር። ከዘመናዊው ሕግ በፊት በዛፍ ጥላ ሥር በሚያስችለው ዳኛ ፊት ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ክርክሩ ሲጋጋል አንደኛው ለቃሉ መያዣ ያቀርባል፤ ይህ እውነት ካልሆነ ማር፣ ይህን ካላስመሰከርኩ በቅሎ፣ እንዲህ ካልሆነ ፈረስ ይላል። ሌላው ወይ ይቀበላል ወይ ሸሽቶ ያፍራል። እሰጥ አገባ ይባላል ይህ ሥርዓት። ለውርርዱ ዋስ ይጠራል። የተረታው ያስያዘውን ይከፍላል፤ ክፍያውም በአብዛኛው ወደ ዳኛው ስለሚሄድ ዳኛው ክርክሩ እንዲጋጋል የሚጠላበት ምክንያት አልነበረውም። ማሩም ፈረሱም ብዙ ጊዜ በገንዘብ ይተመናሉ እንጂ ፈረስ እየተጎተተ ችሎት ድረስ አይመጣም።

ይህን ሥርዓት ያዩ የውጭ ሰዎች ሕጉን ቁማር አደረጉት ብለው ጽፈዋል። ትንሽ ፍርድ ያጡ ይመስላል። ቁማርተኛ የሚወራረደው በማያውቀው ነገር ላይ ነው፤ የኤፕሶም ሰው ስፓየን ኮፕ ይቀድም እንደሆነ አያውቅም፣ ደስታውም እዚያ ላይ ነው። በችሎት ፈረስ የሚያስይዘው ባላገር ግን የሚወራረደው አውቃለሁ በሚለው ነገር ላይ ነው፤ የወሰን ድንጋዩ የት እንደነበረ፣ በሬው የማን እንደሆነ። ፈረሱ የተጠራው ከማር በላይ፣ ከበቅሎም አጠገብ ውድ ነገር ስለሆነ ነው። በጥቆማ የሚሸጥ ነገር እዚህ የለም፤ ጥቆማ የሚሰጥህ ቢኖር ምስክር ይባላል፣ ውሸቱንም ከሆነ ይጠየቅበታል።

የፈረሱን ዘመን የዘጋው ጠመንጃ ነው፤ የላስታና የወሎ ታሪክም ይህን ከሌላው ቀድሞ አይቷል። የዋግና የላስታው ጌታ ዋግሹም ጎበዜ ከቴዎድሮስ ሞት በኋላ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ አሳም ላይ ከትግሬው ደጃዝማች ካሳ ጋር ሲገጥሙ ሠራዊታቸው ከባላጋራቸው በብዙ ይበልጥ ነበር። ደጃዝማች ካሳ ግን እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ የተዉላቸው ጠመንጃና መድፍ ነበራቸው። ድሉ የጥቂቶቹ ሆነ፤ ካሳም አፄ ዮሐንስ፣ አባ በዝብዝ፣ ሆኑ።

ከ25 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ ፈረሱ ክብሩን ለአንድ ቀን መለሰ። የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኞች በአድዋ ሸለቆዎች የኢጣሊያውን የጄኔራል ዳቦርሚዳን ጦር ካጠቁት መካከል ነበሩ። እንደዚያ ያለ ቀን ግን ተመልሶ አልመጣም። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ያው ሚካኤል፣ አሁን የወሎና የትግሬ ንጉሥ ሆነው፣ ከሥልጣን ለወረደው ልጃቸው ለኢያሱ ሲሉ ከሸዋ ጦር ጋር ገጠሙ። መትረየስ ፊት ለፊት የጋለበው የወሎ ፈረሰኛ እዚያው ሜዳ ላይ ቀረ፤ ንጉሡም ተማረኩ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ደግሞ ከላስታ በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለው የአንቺም ሜዳ የቤጌምድሩ ራስ ጉግሳ ወሌ ሠራዊት በላዩ ላይ የመንግሥት አውሮፕላን ሲያንዣብብ አየ። መጀመሪያ የወረደው ወረቀት ነበር፣ ቀጥሎ ቦምብ። ራስ ጉግሳ በፈረሳቸው ላይ እንዳሉ ተከበው በጥይት ወደቁ።

ከዚያ ወዲህ ፈረስ የበዓል ሆነ። በአዲስ አበባ ጃንሆይ ሜዳ፣ ሕዝቡ አሳጥሮ ጃንሜዳ በሚለው፣ የሌጋሲዮን ፈረንጆችና የቤተ መንግሥት ሰዎች የሚወዳደሩበት ዘመናዊ ግልቢያ ተለመደ፤ በዚያው ሜዳ በጥምቀት ጉግሱ ቀጠለ። አገሪቱ ዛሬም 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረስ አላት፤ በአፍሪካ የሚስተካከላት የለም። አብዛኛው ግን እህል ይጭናል፣ ጋሪ ይጎትታል።

የዝላይ ግልቢያውስ? እሱ ኢትዮጵያ የደረሰው በፈረስ ሳይሆን በእግር ነው። በ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ የኦክስፎርድ ተማሪዎች ከፈረስ ግልቢያው ወስደው በእግር መሰናክል መዝለል ጀመሩ፤ ዛሬ በአትሌቲክስ የሚታየው 3,000 ሜትር መሰናክል፣ ውኃ ያለበት ቦይ ሳይቀር፣ የዚያ ልጅ ነው። እሸቱ ቱራ በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ነሐስ አመጣበት። እቴነሽ ዲሮ በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ በማጣሪያው ጫማዋ ተረግጦ ሲወልቅ አሽቀንጥራ ጥላው ባንድ ባዶ እግር ቦዩን እየዘለለች ጨረሰች፤ በይግባኝም ለፍጻሜው ተሰለፈች። ለሜቻ ግርማ ሰኔ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በ7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዓመቱ በዚያው ከተማ በኦሊምፒክ ፍጻሜ የመጨረሻው ዙር ላይ መሰናክሉ ጠልፎት ወድቆ በቃሬዛ ወጣ። በፈረስ ውጤት ገጽ ቢሆን ለዚህ አንዲት ፊደል ትበቃው ነበር።

ውርርዱም በሌላ በር ገብቷል። ባለፉት ዓመታት በኢትዮጵያ ከተሞች የስፖርት ውርርድ ቤቶች ፈልተዋል። ወጣቱ የሚያስይዘው በእንግሊዝ እግር ኳስ ላይ ነው፤ ጨዋታ በሌለበት ሰዓት ደግሞ በኮምፒውተር የተሠሩ ውሾችና ፈረሶች ስክሪኑ ላይ ይሮጡለታል። ባለቤት የላቸውም፣ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም፣ ሣር አይበሉም። በቴሌግራም ጥቆማ የሚሸጥም አለ፤ «የዛሬው የተረጋገጠ» ይላል። ሞኖሉሉ ቢያንስ ላባ ሰክቶ ሰውን ያስቅ ነበር።

ላስታ ያሳደገችው የፈረስ ፍቅር ግን ዛሬ ደምቆ የሚታየው ከላስታ ርቆ፣ ከዓባይ ማዶ አዊ ውስጥ ነው። የአዊ ሽማግሌዎች ሰባቱ የአገው ቤቶች ከላስታና ከዋግ ተነሥተው የመጡ የሰባት ወንድማማቾች ልጆች ናቸው ብለው ይተርካሉ፤ የዛጔ ነገሥታት፣ ላሊበላ ራሱ፣ ከዚያው ከአገው ወገን መሆናቸው ለትረካው ክብደት ይሰጠዋል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን የአድዋን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ በየዓመቱ ጥር 23፣ እንደገና በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን፣ በዓሉን ያከብራል። በ2017 ዓ.ም. 85ኛውን አክብሯል።

በዚያን ዕለት እንጅባራ ከየወረዳው በሚመጣ ፈረሰኛ ትሞላለች። ሽማግሌው ከልጅ ልጁ ጋር እኩል ይሰለፋል፤ ፈረሶቹ በቀይና በቢጫ ጨርቅ፣ በጉትቻና በቃጭል አጊጠዋል። ጉግስ አለ፣ የሽምጥ ግልቢያ አለ፣ ጭፈራ አለ። ማኅበሩ ለአንድ ቀን ትርኢት የተቋቋመ አይደለም፤ አባል ሲያገባ ሙሽራውን በፈረስ ያጅባሉ፣ ሰው ሲሞት ለቅሶ ይደርሳሉ፣ የተጣላ ይሸመግላሉ። ፈረስ የሌለው ሰው ለአባልነት ቢመጣ መጀመሪያ ፈረስ እንዲገዛ ይነገረዋል።